ሦስት መሪ በአንድ ዓመት፦ ዌልስ በ2024 ምን ገጠማት?

ማርች 16 ቀን 2024 ቅዳሜ ነበር። (ቀኑም ዓመቱም እስከ መጨረሻው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ የገዢው የሌበር ፓርቲ አባላት መሪ ለመምረጥ የሰጡት ድምፅ ተቆጠረና ቮን ጌቲንግ በ51.7 በመቶ አሸነፉ። አባታቸው ዌልሳዊ፣ እናታቸው ዛምቢያዊት፣ የተወለዱት ሉሳካ። ከአራት ቀን በኋላ የዌልስ ቀዳሚ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ፣ የአንድ አውሮፓዊ አገር መንግሥት በጥቁር መሪ እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ሆነ።

ድምፁ በተቆጠረበት በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያችው ከተማ፣ የዌልስ ራግቢ ቡድን በሜዳው በጣሊያን 24 ለ 21 ተሸነፈ። በስድስቱ አገሮች ውድድር አምስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ መጨረሻ ወጣ። መጨረሻ ለሚወጣ ቡድን በቀልድ "የእንጨት ማንኪያ ተሸለመ" ይባላል፤ ዌልስ ይህን ማንኪያ ከ2003 ወዲህ ቀምሳው አታውቅም ነበር።

ዌልስን ከሩቅ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። የራሷ መንግሥት አላት፣ ነገር ግን የብሪታንያ አካል እንጂ ራሷን የቻለች ሉዓላዊ አገር አይደለችም። በእግር ኳስና በራግቢ በስሟ ትሰለፋለች፣ ኦሊምፒክ ሲመጣ ግን ስሟ የለም። እኔ ያንን ዓመት የተረዳሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ይህን ነገር የወሰነው ማን ነው?

ካርዲፍ የምትወስነውና የማትወስነው

ዌልስ ውስጥ 3.1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል። በ2021 ቆጠራ ከነዚህ ውስጥ 538 ሺህ ያህሉ ዌልስኛ እንናገራለን ብለዋል። አገራቸውን በቋንቋቸው "ከምሪ" ይሏታል። ለዘመናት ከለንደን ስትተዳደር ኖራ፣ በሴፕቴምበር 1997 የራሳችሁ ምክር ቤት ይኑራችሁ ወይ ተብላ ተጠየቀች። 50.3 በመቶው "አዎ" አለ። ልዩነቱ 6,721 ድምፅ ብቻ ነበር፤ የስታዲየም አንድ ጥግ የማይሞላ ሕዝብ ማለት ነው። ምክር ቤቱ በ1999 ሥራ ጀመረ፣ በ2011 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ በተሰጡት ጉዳዮች ላይ ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን አገኘ፣ በ2020 ደግሞ "ሴኔድ" የሚለውን የዌልስኛ ስሙን ያዘ።

ሴኔድ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ እርሻ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ቋንቋና ስለ መንገድ ሕግ ያወጣል። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣ መከላከያና የውጭ ጉዳይ የለንደን ናቸው። የገቢ ግብርን በከፊል ከፍ ዝቅ ማድረግ ቢችልም፣ ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ለንደን ከምትቆርጥለት ገንዘብ ነው። እንግዲህ ቁልፉ በሁለት እጅ ነው፤ የቤቱን ዕቃ የሚያስተካክለው አንዱ፣ የቤቱን ወጪ የሚሰፍረው ሌላው።

ምርጫ ሳይኖር ሦስት መሪ

ዓመቱ ሲጀምር ቀዳሚ ሚኒስትሩ ማርክ ድሬክፎርድ ነበሩ። ከ2018 መጨረሻ ጀምረው መርተዋል፣ በኮሮና ጊዜ ፊታቸው በየቤቱ የታወቀ ሰው ናቸው፤ እለቃለሁ ብለው በዲሴምበር 2023 አስታውቀው ነበር። በማርች ጌቲንግ ተተኩ። በኦገስት ኤሊኔድ ሞርጋን ተተኩ። በመካከሉ ለሴኔድ አንድም ምርጫ አልተካሄደም። እንዴት?

ሕዝቡ የሚመርጠው አባላቱን ነው፣ መሪውን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። ገዢው ፓርቲ መሪ ሲለውጥ አዲሱ ሰው ሴኔድ ፊት ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ካለፈ ሥራውን ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ለንደንም የምታደርገው ነው። ካርዲፍን ልዩ የሚያደርጋት የቁጥር ነገር ነው። ከ60ው ወንበር ሌበር የያዘው 30ውን ነበር። ግማሽ፤ ከግማሽ አንድም አይበልጥ፣ አንድም አያንስ። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰው ጉንፋን ቢይዘው መንግሥት ይንገዳገዳል። ለዚህ ሲል ሌበር የዌልስ ብሔርተኛ ከሆነው ከፕላይድ ከምሪ ፓርቲ ጋር ከ2021 ጀምሮ የሦስት ዓመት የትብብር ስምምነት ነበረው።

ጌቲንግ ገና ወንበሩ ሳይሞቃቸው ችግር መጣ። ለፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ ከአንድ ኩባንያ 200 ሺህ ፓውንድ ተቀብለዋል፤ የኩባንያው ባለቤት ቀደም ሲል በአካባቢ ብክለት ጥፋት የተፈረደበት ሰው ነበር። ጌቲንግ ሕግ አልጣስኩም አሉ፣ ገንዘቡም በደንቡ መሠረት የተመዘገበ ነበር። ጥያቄው ግን ስለ ደንብ አልነበረም። በ3 ሚሊዮን ሕዝብ አገር ውስጥ፣ ለፓርቲ የውስጥ ውድድር፣ 200 ሺህ ፓውንድ ለሰው ጆሮ ከብዶ ነበር የተሰማው።

በሜይ ደግሞ በኮሮና ጊዜ ከባልደረቦቻቸው ጋር በስልክ የሚጻጻፏቸውን መልእክቶች እየሰረዝኩ ነው ያሉበት ጽሑፍ ሾልኮ ወጣ። አንዲት ሚኒስትር አሾልከዋል ብለው አባረሯቸው፤ ሚኒስትሯ አላደረግኩም አሉ። በማግስቱ ሜይ 17 ፕላይድ ከምሪ ስምምነቱን አፈረሰ። ጁን 5 ተቃዋሚዎች የመተማመኛ ድምፅ ጠየቁ፣ ሁለት የሌበር አባላት በሕመም ቀሩ፣ ጌቲንግ 29 ለ 27 ተሸነፉ። የጉንፋኑ ነገር ቀልድ አልነበረም።

ድምፁ በሕግ የሚያስገድድ ስላልነበረ ጌቲንግ አልወረዱም። ጁላይ 16 ግን በአንድ ቀን አራት የመንግሥታቸው ሰዎች ሥራ ለቀቁ። ከመካከላቸው በማርች ውድድር በጥቂት ነጥብ የተሸነፉት ጄረሚ ማይልስ ይገኙበታል። ጌቲንግ የዚያኑ ቀን እለቃለሁ አሉ። ቀጥሎ ፓርቲው ሌላ የውስጥ ፍልሚያ ለማየት አቅም ስላልነበረው ኤሊኔድ ሞርጋን ያለ ተወዳዳሪ ቀረቡ፣ ኦገስት 6 በ28 ድምፅ ቀዳሚ ሚኒስትር ሆኑ፤ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ደስ የሚለኝ ዝርዝር ደግሞ ይህ ነው፦ ከጡረታ ደጃፍ የደረሱት ድሬክፎርድ ተጠርተው ለጊዜው ጤና ሚኒስትር፣ ከዚያ የገንዘብ ኃላፊ ሆነው ካቢኔ ውስጥ ተመልሰው ተቀመጡ። በማርች የተሸኙት ሰውዬ በሴፕቴምበር በጀት ይጽፋሉ።

ፍጥነትና ዛፍ

ካርዲፍ በራሷ የምትወስነው ነገር ትንሽ ነው የሚል ካለ ሾፌሮቹንና ገበሬዎቹን ይጠይቅ። መኪና በመኖሪያ ሠፈር በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ የሚለው ደንብ ሴፕቴምበር 2023 ሥራ ላይ ዋለ። ዓላማው አደጋና ሞት መቀነስ ነበር። ይሰረዝልን ብለው ከ460 ሺህ በላይ ሰዎች ፊርማ አኖሩ፤ በሴኔድ ታሪክ እንዲህ ያለ ብዛት አልታየም። በ2024 ጸደይ መንግሥት ደንቡን ሳይሰርዝ፣ የትኞቹ መንገዶች ወደ 30 ማይል እንደሚመለሱ የአካባቢ አስተዳደሮች እንዲመለከቱት አደረገ።

የገበሬዎቹ ቁጣ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት በኋላ የእርሻ ድጎማ አከፋፈሉን ዌልስ ራሷ መንደፍ ነበረባት። አዲሱ ዕቅድ ድጎማ የሚፈልግ ገበሬ ከመሬቱ 10 በመቶ ዛፍ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። በጎች የሚግጡበት ተራራማ መሬት ላለው ሰው ይህ መሬትህን ስጠን እንደማለት ነው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሴኔድ ደጃፍ ተሰበሰቡ። በማርች መጀመሪያ ደግሞ 5,500 ጥንድ የላስቲክ ቦቲ ጫማ በደረጃው ላይ ደርድረው ሄዱ፤ ዕቅዱ 5,500 ሥራ ሊያሳጣ ይችላል የሚል የመንግሥት ግምት ስለነበር፣ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሰው ነው። ባዶ ጫማ ከመፈክር ይልቅ ይናገራል። በሜይ ዕቅዱ ወደ 2026 ተገፋ።

ምድጃው ሲጠፋ

አሁን ካርዲፍ ያልወሰነችው። ፖርት ታልበት በደቡብ ዌልስ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በአውራ ጎዳናው የሚያልፍ ሁሉ የብረት ፋብሪካዋን ጭስ ያውቀው ነበር። ፋብሪካው የሕንዱ ታታ ስቲል ነው። ጃንዋሪ 19 ቀን 2024 ኩባንያው ሁለቱንም ትላልቅ ምድጃዎች እዘጋለሁ፣ በመላው ብሪታንያ እስከ 2,800 ሠራተኛም ይቀነሳል አለ። አብዛኛው ቅነሳ የሚያርፈው እዚያችው ከተማ ላይ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ምድጃውን ማወቅ ይጠቅማል። ነባሩ ምድጃ የብረት አፈርን ከኮክ፣ ማለትም አየር በሌለበት ከተጋገረ ድንጋይ ከሰል ጋር አንድ ላይ አቅልጦ አዲስ ብረት ያወጣል። እሳቱ ከተለኮሰ ለዓመታት አይጠፋም፤ ከጠፋና ውስጡ ያለው ከረጋ መልሶ ማስነሳት እጅግ ከባድ ነው። በምትኩ እንዲተከል የታሰበው አዲሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን አዲስ ብረት አይሠራም፣ ውዳቂ ብረት ሰብስቦ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣል። ጭሱ እጅግ ያነሰ ነው። ኮክ የሚያበስል ክፍል አያስፈልገውም፣ የብረት አፈር የሚያዘጋጅ ክፍል አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ብዙ ሠራተኛም አያስፈልገውም። "ንጹሕ ሥራ" የሚለው ቃል ለፖርት ታልበት ሰው ከሥራ ማጣት ጋር አንድ ላይ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ታታ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እየከሰርኩ ነው ይል ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት አዲሱ እስኪሠራ አንዱ ምድጃ ይቆይ ብለው አማራጭ አቀረቡ፣ ኩባንያው አልተቀበለም። የአዲሱ ምድጃ ወጪ 1.25 ቢሊዮን ፓውንድ ሲሆን 500 ሚሊዮኑን ለመክፈል የተስማማችው ለንደን ናት። ልብ በሉ፦ ውሳኔው የሕንድ ኩባንያ፣ ገንዘቡ የለንደን፣ ሥራ ያጡት ሰዎች የዌልስ። የካርዲፍ ድርሻ ሥራ ለሚያጡት ሥልጠና ማዘጋጀትና መማጸን ነበር። ጁላይ ላይ አንዱ ምድጃ ጠፋ። ሴፕቴምበር 30 ቀን ሁለተኛው ጠፋ፣ በዚያች ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ብረት የማውጣት ሥራም አብሮ ቆመ።

በመካከሉ፣ ጁላይ 4፣ የመላው ብሪታንያ ምርጫ ነበር። ሌበር ዌልስ ውስጥ ያገኘው ድምፅ 37 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከ32 ወንበር 27ቱን ወሰደ፤ ኮንሰርቫቲቭ አንድም አላገኘም። በየምርጫ ክልሉ የቀደመ ሁሉን ይጠቀልላል የሚለው ሥርዓት ውጤቱ እንዲህ ነው። ሴኔድ ራሱ ግን በዚያው ዓመት የተለየ መንገድ መረጠ፦ ከ2026 ምርጫ ጀምሮ አባላቱ ከ60 ወደ 96 እንዲያድጉ፣ በ16 ክልል ስድስት ስድስት ሰው ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ እንዲመረጡ በሕግ ወሰነ።

ሰይፉ ተመዞ የማይወጣበት ጉባኤ

ኤሊኔድ ሞርጋን በተሾሙበት ሳምንት ከካርዲፍ በስተሰሜን ፖንቲፕሪድ ከተማ ሌላ ዓይነት ሥልጣን ይታደል ነበር። አይስተድቮድ ይባላል፤ የግጥም፣ የዜማና የጽሑፍ ጉባኤ ሲሆን ሥሩ በ1176 በካርዲገን ግንብ ከተደረገ የገጣሚዎች ውድድር ይመዘዛል። በየዓመቱ ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ የውድድሩ ቋንቋ ዌልስኛ ብቻ ነው። ፖንቲፕሪድ ያስተናገደችው ከ1893 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ዌልስኛ የሚናገረው ከስምንት ሰው አንድ ያህሉ ነው። ደፋር ምርጫ ነበር። የአገሪቱን መዝሙር በ1856 አባትና ልጅ የጻፉት እዚያችው ከተማ መሆኑን ግን ማንም አልረሳም።

ትልቁ ሽልማት ወንበር ነው፤ እውነተኛ፣ ለዓመቱ ተብሎ የተሠራ የእንጨት ወንበር። የሚሸለመው "ከንግሃኔድ" በሚባለው ጥብቅ የግጥም ሕግ ለሚጽፍ ነው። በዚህ ሕግ አንድ ስንኝ ለሁለት ይከፈልና በመጀመሪያው ግማሽ የመጡት ተነባቢ ፊደላት በሁለተኛው ግማሽ በዚያው ቅደም ተከተል ተመልሰው መምጣት አለባቸው፤ ወይም ቃላቱ በስንኙ ውስጥ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ቅኔ ቤት የቆጠረ ሰው ሕጉን ሲሰማ ፈገግ ይላል ብዬ እገምታለሁ፤ በገደብ ውስጥ ነጻ መሆን ምን እንደሆነ ያውቀዋልና።

ገጣሚዎቹ ሥራቸውን የሚልኩት በብዕር ስም ነው። በዕለቱ የአሸናፊው ብዕር ስም ይጠራል፣ ሺህ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ አንድ ሰው ብድግ ይላል፤ እስከዚያች ቅጽበት ማን እንደሆነ አዳራሹ አያውቅም። ከዚያ ሰይፍ ከሰገባው በከፊል ይመዘዛል፣ ሊቀ ገጣሚዋ "ሰላም አለ ወይ?" ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ሕዝቡ "ሰላም!" ብሎ ይመልሳል፣ ሰይፉ ሳይወጣ ይመለሳል። በ2024 ጠያቂዋ መረሪድ ሆፕዉድ ነበሩ፤ በ2001 ወንበሩን ያሸነፉ የመጀመሪያዋ ሴት። ወንበሩን የወሰደው ካርዊን ኤክሊ ነው፣ ግጥሙ በልጅነቱ ላጣው አባቱ መታሰቢያ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር፣ በርት የተባለው ማዕበል የታፍን ወንዝ አስቆጥቶ የፖንቲፕሪድ ቤቶችና ሱቆች ውኃ ገባባቸው።

ያው ማዕበል ኩምቲለሪ መንደር ላይ ከአሮጌ የድንጋይ ከሰል ማውጫ የተረፈ የአፈር ክምር ወደ ቤቶች እንዲናድ አደረገ። በመንደሩ ሰው አልሞተም። ዌልስ ውስጥ ግን የክምር ናዳ ሲባል ሁሉም የሚያስበው አበርፋንን ነው፤ በኦክቶበር 1966 ክምሩ ትምህርት ቤት ላይ ወርዶ 144 ሰው፣ ከነዚህም 116 ሕፃናት ሞቱ። ይባስ ብሎ የቀሩትን ክምሮች ለማንሳት ለተጎጂዎች ከተዋጣው ገንዘብ 150 ሺህ ፓውንድ ተወሰደ፣ የተመለሰውም በ1997 ነው። ዛሬም ከ2,500 በላይ ክምሮች አሉ። ከሰሉ የወጣው ሴኔድ ከመኖሩ በፊት ስለሆነ ለንደን ትክፈል ይላሉ ብዙዎች። ለንደን በኦክቶበር 25 ሚሊዮን ፓውንድ መደበች፣ ሴኔድ በዲሴምበር የክምሮች ደኅንነት ረቂቅ ሕግ ቀረበለት፣ የቀረው ሂሳብ ግን ገና ነበር።

ለምን ለብቻዋ ትጫወታለች?

የዌልስ እግር ኳስ ማኅበር የተቋቋመው በ1876 ነው። ፊፋ የመጣው በ1904። ሕግ አውጪው ሲመጣ ዌልስ ቀድማ ሜዳ ላይ ነበረች፤ ቦታዋን ይዛ ቀረች። ኦሊምፒክ ላይ ግን የሚታወቀው የብሪታንያ ቡድን ብቻ ነው። በፓሪስ ከካርማርዘን ከተማ የመጣችው የ21 ዓመቷ ብስክሌተኛ ኤማ ፊኑኬን አንድ ወርቅና ሁለት ነሐስ ስትወስድ የለበሰችው የብሪታንያን ማልያ ነበር። ብሪታንያዊት ሴት በአንድ ኦሊምፒክ ሦስት ሜዳሊያ ስታገኝ ከ1964 ወዲህ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ራግቢ ደግሞ ለዌልስ ከስፖርት በላይ ነው፣ ለዚህም ነው ዓመቱ ያመመው። ጃንዋሪ ላይ የ1970ዎቹ ጀግና ጄ. ፒ. አር. ዊሊያምስ፣ ፌብሩዋሪ ላይ "ንጉሡ" የሚባለው ባሪ ጆን ሞቱ። የ22 ዓመቱ ፈጣን ተጫዋች ሉዊስ ሪስ ዛሚት ራግቢውን ትቶ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ሄደ። የ21 ዓመት ልጅ አምበል ሆነ። ቡድኑ በ2024 ካደረጋቸው 11 የአገር ለአገር ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም፤ እንዲህ ያለ ዓመት ከ1937 ወዲህ አልነበረም። አሠልጣኙ ዋረን ጋትላንድ ከጣሊያኑ ሽንፈት በኋላ ልልቀቅ ብለው ነበር፣ አልተፈቀደላቸውም። እኔ ግን ነገሩን በአሠልጣኝ ላይ ማሳበብ አይዋጥልኝም። አራቱ የዌልስ ክለቦች በዕዳ ተይዘው በጀታቸው ተቆርጧል፣ ነባሮቹ በአንድ ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል፣ የቀሩት የተሻለ ደሞዝ ፍለጋ ወደ እንግሊዝና ፈረንሳይ ይሄዳሉ።

እግር ኳሱም በማርች በመለያ ምት ፖላንድ አሸንፋው ከአውሮፓ ዋንጫ ቀርቶ ነበር። ጁላይ ላይ ክሬግ ቤላሚ አሠልጣኝ ሆነ፣ በመጸው ስድስት ጨዋታ ሳይሸነፍ ኖቬምበር 19 አይስላንድን 4 ለ 1 ረትቶ ቡድኑን ወደ ኔሽንስ ሊግ ከፍተኛ ምድብ አሳደገ።

ዲሴምበር 3 ቀን ሴቶቹ ደብሊን ላይ አየርላንድን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ በድምር ውጤት 3 ለ 2። ዌልስ በሴቶች እግር ኳስ ለትልቅ ውድድር ስታልፍ የመጀመሪያው ነው። በ2006 ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወት የጀመረችው ጄስ ፊሽሎክ 37 ዓመቷ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ስዊዘርላንድ ባስተናገደችው የሴቶች አውሮፓ ዋንጫ ዌልስ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። ከፈረንሳይ ጋር ሲጫወቱ የሴቶቹን ቡድን የመጀመሪያ የትልቅ ውድድር ጎል ያስቆጠረችው ግን ፊሽሎክ ናት፤ 38 ዓመቷ።